የእቴቴ ሳል

ባለፈው ክረምት አክስቴን እቴቴን መኝታ ቤቴ አስቀምጬ እንጉርጉሯቸውን ቀዳሁ። ስቱዲዮ የምለው ይህንኑ ክፍል ነው፤ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ እንዲያፍንልኝ መስኮቱ ላይ ሁለት ጋቢ ሰቅያለሁ። በማይክሮፎኑና በኮምፒዩተሩ መካከል የመጽሐፍ ያህል ሳጥን አለች፤ ለማይክሮፎኑ 48 ቮልት ትልካለች፤ ድምፁንም በሴኮንድ 44,100 ጊዜ እየለካች ወደ ቁጥር ትመነዝራለች። መግቢያዋን ከልክ በላይ ከከፈቷት የድምፁ ጫፍ ይቆረጣል፤ ያ ደግሞ ኋላ በወጉ አይጠገንም። ስለዚህ ዝቅ አድርጌ ቀዳሁ፤ ቀይዋ መብራት አንዴም አልበራችም። ኮራሁ።

እቴቴ የሞተ ልጃቸውን ስም ሲጠሩ ሳል ያዛቸው። አቋርጠው ዝም አሉ፤ ቆይተው ቀጠሉ። ሌሊት ሳሉንም ዝምታውንም ቆርጬ ጣልኩና ሁለቱን ጫፍ ገጠምኩ። ስፌቱ አይሰማም። በማግስቱ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው።

«እዚች ላይ አቅቶኝ አልነበረም?»

«አጠፋሁት እቴቴ፤ እንዲያምር ብዬ።»

«ማንን ጠይቀህ?»

ለመሆኑ ማንን መጠየቅ ነበረብኝ? ዝናቡን በጋቢ ሳፍን ማንንም አልጠየቅሁም፤ እሱም እውነት ነበር። የድሮው የቤታችን ቴፕ ሳሉን እንዳለ ያስቀረው ነበር ብዬ እንዳልወቅስ ደግሞ፣ ያ መቀስ ማጣት እንጂ ታማኝነት አይደለም። ግን ዝናቡ የማንም አልነበረም፤ ሳሉ የእሳቸው ነው። ዝምታውማ የልጃቸው ይመስለኛል።

ሁለቱም ቅጂዎች ኮምፒዩተሬ ውስጥ አሉ። የተረፉት ልጆቻቸው ላክልን ይሉኛል። እስካሁን አልላክሁም።