የቴሌቪዥን መስኮትና የሰው ገበና

የዕድር ጥሩንባ ነፊ ጎሕ ሲቀድ በመንደሩ እየዞረ የሚናገረው የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ነው። ሟቹ በምን ደዌ እንደ ሞተ፣ ከማን ጋር ተቀያይሞ እንደ ነበረ አይናገርም። ይህን ለከት ማንም በጽሑፍ አላወጣለትም፤ ሆኖም ሲጠበቅ ኖሯል። ዛሬ ከሱስ ለሚያገግሙ ወገኖች የሚዘጋጁ ጉባኤያትን በቴሌቪዥን ማሳወቅ ተገቢ ነውን? ተገቢስ ከሆነ ለከቱ የት ላይ ነው? ብለን ስንጠይቅ ያ ጥሩንባ ነፊ ሊታወሰን ይገባል።

ጥያቄውን ወደ የካ አባዶ ወስደን እንመልከተው። በዚያ ባሉት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በዕጣ ቤት ደርሶት ከልዩ ልዩ የከተማይቱ ክፍሎች የመጣ ሕዝብ ይኖራል፤ ዕድሩና ማኅበሩ በቀድሞ ሠፈሩ የቀረበትም ጥቂት አይደለም። በአራተኛ ፎቅ ባሏ በአረቄ የተያዘባት እናት፣ ልጁ ከጫት ቤት የማይወጣለት አባት፣ በአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለሱስ ሕክምና እንደሚሰጥ እንኳ የሚነግራቸው ላያገኙ ይችላሉ። ጎረቤት እንዳይጠይቁ ያፍራሉ። ቴሌቪዥን ግን ሳይጠየቅ ይናገራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በብሮድካስት እንዳይተዋወቅ ከመከልከሉ በፊት፣ በበዓል ዋዜማ ያ መስኮት በቢራ ማስታወቂያ ይጥለቀለቅ እንደ ነበር አንዘነጋም። ለመጠጥ ያን ያህል የተጮኸበት መስኮት ለመዳን ጥቂት ቢነገርበት ምን ነውር አለው?

በአሜሪካ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነዋሪው ራሱ ዝግጅት የሚያቀርብባቸው የማኅበረሰብ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ኖረዋል። በእኛም ሀገር በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የማኅበረሰብ ብሮድካስትን ያውቃል፤ በተግባር በይበልጥ የምናውቀው በሬዲዮ ቢሆንም።

ይሁን እንጂ ለሬዲዮ ድምፅ ይበቃዋል፤ ቴሌቪዥን ፊት ይፈልጋል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አዘጋጁ «ባዶ አዳራሽ ማን ያያል? የዳነ ሰው አቅርቡልኝ፤ ቢያለቅስ ደግሞ ይበልጥ ልብ ይነካል» ቢል አይገርምም። (እኛም ብንሆን እንዲህ ያለውን ዝግጅት ስንመለከት ዕንባውን ስንጠብቅ መገኘታችንን አንካድ።) ከመጠጥ ከራቀ ሦስት ወር የሆነውን ሰው ጠይቁት፤ እሺ ይላል። እሺታው ግን ምን ያህል ነፃ ነው? ከወደቀበት ያነሡትን ሰዎች እምቢ የሚልበት አቅም ገና አላገኘም፤ ምስጋናው ራሱ ያሥረዋል። ደግሞስ የሚናገረው የራሱን ታሪክ ብቻ ነውን? ሰርቆ የሸጠው የእናቱን ወርቅ ነበር፤ የመታት ሚስቱን ነበር፤ በማግሥቱ በትምህርት ቤት ጣት የሚቀሰርባት ልጁ ናት። እነርሱን ማን ጠየቃቸው? ከሦስት ዓመት በኋላ ሥራ ሊጠይቅ ሲሄድ፣ ያ ምስል በቴሌግራምና በቲክቶክ ሲዞር ቆይቶ ቀድሞት ይደርሳል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ደንግጓል፤ አንድ ጊዜ የተሠራጨን ምስል ግን የሚመልስ ዳኛ የለም።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «ፊቱን ከሸፈንንለት ሱስ ነውር ነው ማለታችን አይደለምን? ጌታስ ከአጋንንት ያዳነውን ሰው ሄዶ እንዲያወራ አላዘዘውምን?» አዎን፣ አዞታል (ማር. 5፥19)። ነገር ግን በዚያው ወንጌል ለምጻሙን ለማንም እንዳይናገር በብርቱ አስጠንቅቆታል (ማር. 1፥44)። ሁለቱም ድነዋል፤ የታዘዙት ግን አንድ አይደለም። የጌርጌሴኖን ሰው ደግሞ መጀመሪያ የተላከው ወደ ገዛ ቤተ ሰዎቹ ነበር። ከዚያ አልፎ በዐሥሩ ከተማ መስበኩ እውነት ነው። ሆኖም በገዛ እግሩ ሄዶ፣ የሚሰማውን ሰው ዓይን እያየ ተናገረ፤ ሊያልፈው የፈለገውን ቤት ማለፍ ይችል ነበር። በቴሌቪዥን የቀረበ ሰው የትኛውን ቤት ያልፋል?

እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ በአክሮን ከተማ የተጀመረው፣ ስማቸውን የማይገልጡ የመጠጥ ሱሰኞች ማኅበር፣ አባላቱ በጉባኤ ገበናቸውን ቢገልጡም በጋዜጣ፣ በሬዲዮና በፊልም ማንነታቸው እንዳይታወቅ ልማድ አድርጓል። ጥበቡን ለመረዳት አያዳግትም፤ በአደባባይ የመሰከረው ሰው ተመልሶ ቢወድቅ፣ ያየው ሕመምተኛ ሁሉ መዳን ሐሰት ነው ይላልና። የደብሊኑ የቀን ሠራተኛ ማት ታልቦትም በ28 ዓመቱ መጠጥ ከተወ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ወደ ቅዳሴ ሲሄድ በመንገድ ላይ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ 40 ዓመት ያህል ጸንቶ ኖረ። ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1975 «ክቡር» ብለው የሰየሙት ይህ ሰው ታሪኩ በሰፊው የታወቀው ከሞተ በኋላ ነው። በሦስተኛ ወሩ ካሜራ ቢያገኘው ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልሁ አስባለሁ።

እንግዲህ በቴሌቪዥኑ ሐኪሙ ይናገር፣ ካህኑም ይናገር፤ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው፣ ስም የሚመዘግብ እንደሌለም ይነገር። ዓመታት ጸንቶ የቆየና ቤተ ሰቡን ያማከረ ሰው ልመስክር ቢል አልቃወምም፤ አሳቡ ግን ከእርሱ ይምጣ እንጂ ከእኛ አይሁን። ጉባኤውን የምታዘጋጁ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደግሞ ስለ አዳራሹ አስቡበት። ለዚህ ብቻ የተለየ ቤት ከሆነ፣ በየበረንዳው የቆመ ጎረቤት የገባውን ሁሉ ይቆጥራል። የዕድር ስብሰባ፣ ክርስትናና ሠርግ የሚደረግበት የጋራ መገልገያ ሕንፃ ቢመረጥ ግን ደረጃውን የሚወጣው ሰው ለምን እንደ መጣ ማንም አያውቅበትም። ካሜራውም ሰው መምጣት ሳይጀምር ደጁን አንሥቶ ይሂድ።