በነፃና በከንቱ

የግእዝ ቋንቋ «በከንቱ» በሚለው አንድ ቃል ሁለት ነገር ያስተናግዳል፤ አንደኛው ዋጋ ሳይከፈልበት የተሰጠ፣ ሁለተኛው ደግሞ ፍሬ ሳያፈራ የቀረ ማለት ነው። የዕለት ተዕለት አማርኛችን ፊተኛውን ትርጉም «በነፃ» ለሚለው ቃል አስረክቦ ለ«ከንቱ» ኋለኛውን ብቻ ስላስቀረለት፣ ያለ ዋጋ መቀበልና ያለ ፍሬ መድከም በአንድ ጣሪያ ሥር ያደሩ ጎረቤቶች እንደ ነበሩ የዛሬው አንባቢ እምብዛም አያስተውልም። እኔም ይህን የተረሳ ዝምድና ከቅኔ ቤትና ከመጻሕፍት ጉባኤ እጅግ በራቀ ስፍራ፣ ወጣቶች በኮምፒዩተርና በስልክ በሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ ውስጥ ዳግመኛ አገኘዋለሁ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

ነገሩ ተራ ጨዋታ ነው ብሎ የሚንቅ ቢኖር አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ የሕግ አውጪ ሥልጣን እስከ ምን ድረስ እንደሚደርስ፣ ጸጋ ከዐስብ በምን እንደሚለይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በነፃ የተቀበለ ሰው ሊበደል ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ጥያቄ በመንግሥታት ታሪክ ውስጥ በብዙ ጭስ ተሸፍኖ የሚኖር ሲሆን፣ በዚህ ትንሽ መስክ ላይ ግን ጥርት ብሎ ስለሚታይ፣ ጥቂት ብንቆይበት ጊዜያችን የሚባክን አይመስለኝም።

ለምሳሌ የምወስደው ሃርትስቶን የተባለውን ጨዋታ ነው። ብሊዛርድ የተሰኘው የአሜሪካ ኩባንያ ይህን ጨዋታ በማርች 2014 ለሕዝብ ሲያወጣ (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሩን በነፃ ከፈተው። ተጫዋቹ 30 ካርታ አሰልፎ ይጋጠማል፤ ካርታዎቹን ግን ወይ በገንዘቡ ይገዛቸዋል ወይ በትዕግሥቱ። በትዕግሥት የሚገዛው ሰው በየዕለቱ አንዳንድ ተግባር ይታዘዛል፤ በዚያን ጊዜ ከተግባሮቹ ዝቅተኛው 40 ወርቅ ያስገኝ ነበር፤ ወርቁም የጨዋታው ወርቅ ነውና ገበያ አይወጣም። ሦስት ጊዜ ባሸነፈ ቁጥርም 10 ወርቅ ይጨመርለት ነበር፤ 100 ሲሞላለትም 5 ካርታ ያለበት አንድ እሽግ ይከፍታል። ያልፈለገውን ካርታ ሰባብሮ አቧራ ያደርገዋል፤ ከአቧራውም የፈለገውን ይሠራል፤ በዚህ ምንዛሪ ላይ ግን ቀራጩ ብርቱ ነው። ተራው ካርታ ሲሠራ 40 አቧራ ይፈጃል፣ ሲሰበር 5 ብቻ ይመልሳል፤ «ሌጀንደሪ» የሚባለው ከፍተኛው ማዕርግ ደግሞ ሲሠራ 1600 ወስዶ ሲፈርስ 400 ይሰጣል።

እስቲ ዕድል ፈጽማ ፊቷን ያዞረችበትን ሰው እናስብ። እያንዳንዱ እሽጉ ከአራት ተራ ካርታና ከተራው አንድ ማዕርግ ከፍ ካለ አንድ «ሬር» ካርታ በቀር ሌላ ባያወጣለት፣ ሁሉንም ቢሰባብራቸው 40 አቧራ ያገኛል፤ ስለዚህ አንድ ሌጀንደሪ ለመሥራት 40 እሽግ፣ ለ40 እሽግም 4000 ወርቅ ያሻዋል፤ ይህም በዚያን ጊዜው የ40 ወርቅ የዕለት ተግባር ብቻ ቢለካ 100 ቀን ነው። በእውነቱ ዕድል እንዲህ አትጨክንም፤ ድልም ወርቁን ያፋጥነዋል። የቀኖቹ ቁጥር ቢያንስም ቢበዛም ግን በነፃ የሚጫወተው ሰው የሚከፍልበት ሳንቲም ቀን እንደ ሆነ ይታያል፤ ባለገንዘቡ በአንድ ምሽት የሚገዛውን ይህኛው በዕድሜው ቁራጭ ይገዛዋል።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ። አንድ ካርታ ከሌሎቹ በልጦ ሜዳውን ሁሉ ሲገዛ ኩባንያው ካርታውን ያዳክመዋል፤ ተጫዋቾች ይህን «ነርፍ» ይሉታል፤ ባለቤቶቹ ግን ሚዛን ማስተካከል ብለው ይጠሩታል። ይህ አጠራር ሁልጊዜ ይገርመኛል። በገበያችን ሚዛን አስተካከለ የሚባለው ነጋዴ በትሩን ወይም የብረት ድንጋዩን ያቃናል እንጂ የገዢውን ጤፍ አይነካም፤ በዚህ ግን ሚዛኑ ቆሞ ሳለ የሚለወጠው ራሱ ጤፉ ነው፤ ያውም ገዢው ከፍሎ ወደ ቤቱ ከወሰደው በኋላ። የወረቀት ካርታ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም ነበር። ሪቻርድ ጋርፊልድ በ1993 ያወጣው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የሚባለው ጨዋታ እጅግ የበረታ ካርታ ሲገጥመው አሳታሚው ከውድድር ያግደዋል እንጂ በሰው ሳጥን ውስጥ የተቀመጠውን ቀለም ሊፍቀው አይችልም። ዲጂታሉ ካርታ ግን ከባለቤቱ እጅ ሳይወጣ በሌሊት ሌላ ካርታ ሆኖ ያድራል።

ኩባንያው ለዚህ ካሳ አላሰበም ማለት ሐሰት ይሆናል። አንድ ካርታ በተዳከመ ጊዜ ለሁለት ሳምንት ያህል ያንን ካርታ የሰበረ ሁሉ ሙሉ የመሥሪያውን ዋጋ እንዲቀበል ሥርዓት ተደንግጓል፤ 400 ይመልስ የነበረው ሌጀንደሪ በእነዚያ ቀናት 1600 ይመልሳል። በሴፕቴምበር 2014 ሊሮይ ጄንኪንስ የተባለው ሌጀንደሪ በግጥሚያ ላይ ለመጠራት የሚጠይቀው ኃይል ከ4 ወደ 5 ማና ከፍ በተደረገ ጊዜ፣ በእሽግ ዕድል ያገኘው ድኻ ተጫዋች አስቦት የማያውቀውን ሀብት በአንድ ቀን አፈሰ። ለዚህ ሰው ነርፍ ማለት እንደ ኢዮቤልዩ ዓመት ነው፤ እንዲያውም እጁ ያለ ካርታ ነርፍ እንዲደረግበት የሚመኝ ነፃ ተጫዋች ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ኢዮቤልዩ መሬቱን ያጣው ሰው ወደ ርስቱ የሚመለስበት ሕግ ሲሆን፣ ይህኛው የሚሰጠው ለያዘ ብቻ ነው፤ ያንኑ ካርታ በዋዜማው በ400 የሰበረው ችግረኛ ምንም የሚጠይቅበት መንገድ የለውም።

የዚህ ካሳ ጉድለት እስከ ሥሩ የተገለጠው ግን በኦክቶበር 2015 ነው። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ብላክሮክ ማውንቴን የተባለ የጀብዱ ክፍል ወጥቶ ነበር፤ የመጀመሪያውን ደጅ በ700 ወርቅ የከፈተ ሰው ግሪም ፓትሮን የሚባለውን ካርታ ያገኝ ነበር። ይህ ፓትሮን ቆስሎ ካልሞተ ሌላ መሰሉን የሚጠራ ፍጡር ነው። ብቻውን ሲሆን ብዙ አያስፈራም፤ የጦረኛው ወገን ከሆነው ዋርሶንግ ኮማንደር ጋር ሲገናኝ ግን፣ ይህ አዛዥ የማጥቃት ኃይሉ ከ3 ያልበለጠውን ወታደር ሁሉ ገና በተጠራበት ቅጽበት እንዲዘምት ያደርገው ስለ ነበር፣ ፓትሮኖቹ እየቆሰሉ እየተባዙ፣ እየተባዙም እየዘመቱ ሜዳውን ይሞሉት ነበር። ይህን ስብስብ በደንብ መንዳት ትልቅ ስሌት የሚጠይቅ በመሆኑ ተጫዋቾች ለመማር ብዙ ሳምንት ያጠፉበት ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን አዛዡ ሥልጣኑን ተገፎ፣ በራሳቸው ፈጥነው ለሚዘምቱት ወታደሮች 1 ኃይል ብቻ የሚጨምር ምስኪን ሆኖ ተገኘ፤ ስብስቡም ፈረሰ።

ካሳውስ? ዋርሶንግ ኮማንደር ለሁሉ በነፃ የሚታደል መሠረታዊ ካርታ ስለ ሆነ መስበር የማይቻል ነበር፤ ስለዚህ ካሳው ባዶ ሆነ። ፓትሮን ራሱ አንዲት ፊደል አልተነካበትምና ካሳ የሚባል ነገር አይመለከተውም። በዙሪያቸው የተሰበሰቡት ሌሎች ካርታዎችም አልተነኩም። የሕጉ ፊደል ፈጽሞ ተከበረ፤ የማዕዘኑን ድንጋይ የመዘዘ ሰው «ሌላውን ድንጋይ አልነካሁም» ብሎ በእውነት ሊምል ይችላልና። ቤቱ ግን ወድቋል። እዚህ ላይ የኩባንያው ሚዛን እያንዳንዱን ድንጋይ ለየብቻው ሲመዝን በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ዝምድና አልመዘነም፤ ለተማረው ጥበብም የአቧራ ተመን አልወጣለትም።

በሌላ በኩል ያለውን እውነት ብሸሽግ ደግሞ እኔው ሐሰተኛ ሚዛን እይዛለሁ። የፓትሮን ስብስብ ሌላውን ሁሉ ያስጨንቅ ነበር፤ ከተጨነቁትም ውስጥ 700 ወርቅ ያላጠራቀሙ ነፃ ተጫዋቾች ነበሩበት። የአንዱ ቤት የብዙዎችን ብርሃን ከጋረደ ሕግ አውጪው ዝም ቢል ያጠፋል። በማይለወጥ ሜዳ ላይ አሸናፊው ስብስብ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ያን ለመግዛት አቅም ያጣው ለዘለዓለም ተሸናፊ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ለውጥ በራሱ የድኻ ጠላት አይደለም። ክርክሬ ከለውጡ ጋር ሳይሆን የለውጡን ዕዳ ማን ተሸከመው ከሚለው ጋር ነው። ባለገንዘቡ አንድ ስብስብ ቢፈርስበት ሌሎች አምስት አሉት፤ ነፃው ተጫዋች ግን ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ብቻ ነውና፣ ለሁሉ እኩል የታወጀው አዋጅ በሁለቱ ትከሻ ላይ እኩል አይከብድም።

የኩባንያው ጠበቃ እዚህ ላይ ተነሥቶ በማቴዎስ ወንጌል ያለውን የወይን አትክልት ባለቤት ይጠራ ይሆናል። ያ ባለቤት በማለዳ ለመጡትም በአሥራ አንደኛው ሰዓት ለመጡትም እኩል በከፈለ ጊዜ ያጉረመረሙበትን የመለሰላቸው በገንዘቡ የወደደውን ሊያደርግ ሥልጣን እንዳለው በመግለጥ ነው። ተጫዋቹም ሲገባ በተስማማበት ውል መሠረት ካርታዎቹ የእርሱ ንብረት አይደሉም፤ እንዲጠቀምባቸው ብቻ ተፈቅዶለታል። ታዲያ በሰው አትክልት ውስጥ ያለ ክፍያ ገብቶ የሚዝናና ሰው ዛፉ ተገረዘ ብሎ በምን አፉ ይሟገታል? ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ እኔንም ብዙ ጊዜ አሳምኖኝ ነበር።

ነገር ግን ምሳሌውን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ሁለት ነገር ያስተውላል። አንደኛ፣ የወይኑ ባለቤት ቸርነቱን ለኋለኞቹ ሲያበዛ ከፊተኞቹ ዲናር ላይ አልቆረሰም፤ ጸጋን ለአንዱ ለመስጠት የሌላውን ዐስብ አልነካም። ሁለተኛውና የሚከብደው፣ እነዚያ ሰዎች በአትክልቱ ውስጥ የተገኙት ለመዝናናት ሳይሆን ለሥራ ነው፤ ነፃ ተጫዋችም እንዲሁ ሳይታወቀው ሠራተኛ ነው። ካርታ የሚገዛው ባለገንዘብ ከግድግዳ ጋር አይጫወትም፤ ቁልፉን ሲነካ በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ የሚጋጠመው ሰው ይፈልጋል፤ ያን ሰው ሌሊትም ቀንም በሜዳው ላይ የሚያስገኙለት በነፃ የሚጫወቱት ናቸው። ስለዚህ ነፃው ተጫዋች ከማዕዱ ፍርፋሪ የሚለቅም እንግዳ ብቻ አይደለም፤ ማዕዱን ማዕድ ያደረገው አንዱ እርሱ ነው። በነፃ ተቀበለ የምንለው እንግዲህ በገንዘብ ዐይን ብቻ ስናየው ነው፤ በቀንና በመገኘት ሲቈጠር ግን የሰጠ ሰው ሆኖ ይገኛል፤ የሰጠም ሰው ሊበደል ይችላል።

አሪስጣጣሊስ በሥነ ምግባር መጽሐፉ አምስተኛ ክፍል ላይ ከፍትሕ ጎን ርትዕን አስቀምጦ፣ ሕግ በጠቅላላው ስለሚናገር ያልታሰበ ነገር ሲገጥመው ርትዕ እንደሚያቃናው ያስተምራል። የሁለት ሳምንቱ ካሳ ፍትሕ ነው፤ ርትዕ የጎደለው ፍትሕ ነው። ከዚህም የከፋ አለ፤ በዲሴምበር 2021 የማጂክ ባለቤቶች አልኬሚ የሚባል አዲስ ሥርዓት በዲጂታሉ ጨዋታቸው ላይ ሲከፍቱ፣ በዚያ የሚዳከሙትን ካርታዎች ለያዙ ተጫዋቾች ምትክ እንደማይሰጡ አስቀድመው አስታወቁ። ይህ ቢያንስ ግልጽ ነው፤ ሰውየው ማጣቱን ዐውቆ ይገባል። ለሃርትስቶን ግን ፍርዴ እንዲህ ነው፤ አንድ ካርታ ሲዳከም ከእርሱ ጋር ተሰልፈው የተጫወቱት ካርታዎች ሁሉ፣ ሳይነኩ ቢቀሩም፣ ለዚያው ሁለት ሳምንት በሙሉ ዋጋ እንዲሰበሩ ሊፈቀድ ይገባ ነበር፤ ለማይሰበሩትም የተከፈለው ወርቅ ለተጫዋቹ ሊመለስ ይገባ ነበር። ማን ከማን ጋር ምን እንዳሰለፈ የኩባንያው መዝገብ ያውቃል፤ ይህንም ማድረግ ለባለቤቶቹ የሚያስከፍላቸው ራሳቸው የሚያመርቱትን አቧራ ብቻ ነው። ለተጫዋቹ ግን ቀኖቹ ፈጽመው ከንቱ እንዳይሆኑ ያደርግለት ነበር።

በማርች 2021 ኩባንያው ክላሲክ የተባለ አዳራሽ ከፍቶ የጥንቶቹን ካርታዎች በጁን 2014 እንደ ነበሩ አድርጎ መለሳቸው። ዋርሶንግ ኮማንደርም በዚያ አዳራሽ ውስጥ የተገፈፈው ሥልጣኑ ተመለሰለት። ግሪም ፓትሮን ግን የ2015 ሰው ነበርና አልተጠራም።