የአሮጌ ቤትና የመቃብር ታሪክ ለማን ይጻፋል?

ሰው ከየት እንደ መጣ መጠየቁ ከተፈጥሮው የመነጨ ነው። ይህ ጥያቄ በተለይ አሮጌ ሰፈሮች በሚፈርሱበትና ነዋሪዎቻቸው በሚበተኑበት ጊዜ አጣዳፊ ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር፣ በፒያሳ አካባቢ እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉ የቆዩ መንደሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛውረዋል። ይህን ማንሣታችን ስለ ከተማ ዕድሳት ለመከራከር አይደለም። ነገር ግን ቤቱ ከፈረሰ፣ ቅያሱ ከጠፋ፣ ጎረቤቱም ከተለያየ በኋላ «እዚህ ማን ይኖር ነበር?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ስለሚሆን፣ ጉዳዩን ዛሬውኑ ማሰብ ግድ ይለናል።

የተወለዱበትን ሰፈር፣ የአያቶቻቸውን ቤትና የቤተ ሰባቸውን መቃብር ታሪክ ለማሰባሰብ ደብተርና እርሳስ ይዘው ሽማግሌዎችን የሚጠይቁ ወገኖች አሉ። ሥራቸው የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ከሥራው አስቀድሞ መመለስ የሚገባው አንድ የሕሊና ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህን ታሪክ የምንመረምረው ለማን ብለን ነው?» የሚለው ነው። ለራሳችን ክብር ነውን? ለጥቅማችን ነውን? ወይስ ከእኛ በፊት ለኖሩት የሚገባቸውን ለመስጠት ነው? ምን እንደምንጽፍና ምን እንደምንተው የሚወስነው ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ስለ ሆነ፣ በቸልታ ልናልፈው አይገባንም።

በሀገራችን ዘር መቁጠር አዲስ ነገር አይደለም። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በሰሜኑና በመካከለኛው የሀገራችን ክፍል ደግሞ የርስት ተካፋይ ለመሆን ከአቅኚው አባት መወለድን ማስረዳት ያስፈልግ ስለ ነበር፣ የትውልድ ሐረግን ማወቅ በዳኛ ፊት የሚያስረታ ትልቅ ዕውቀት ነበር። ጥቅም ያለበት ትዝታ ግን ወደ ጥቅሙ ማዘንበሉ አይቀርም። ለክርክሩ የሚረዳው አባት ይታወሳል፤ የማይረዳው ይዘነጋል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ፣ እንዲህ ያለው የዘር ቆጠራ የቀድሞ ጥቅሙን አጣ።

ታዲያ መሬት የማያስገኝልን ከሆነ የሙታንን ስም መፈለግ ለምን ያስፈልጋል? እንደሚመስለን ጥቅሙ ከቀረ በኋላ የሚተርፈው ምክንያት ከሁሉ የጠራው ምክንያት ነው፤ እርሱም ፍትሕ ነው። ሙት ስለ ራሱ ሊከራከር አይችልም፤ ያደረግንለትንም ብድር ሊመልስልን አይችልም። ሙታንን መቅበር ከሰባቱ ሥጋዊ የምሕረት ሥራዎች አንዱ መሆኑን ለልጆቻችን እናስተምራለን። ስማቸውን ከመዘንጋት ማዳን የዚሁ ሥራ ተከታይ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ በተመደበላቸው ቦታ ከነሠራዊታቸውና ከነአገልጋዮቻቸው ሰፈሩ። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ ይህን አሰፋፈር ያስታውሳል። ስለዚህም ብዙ ቦታዎች እንደ ራስ ብሩ ሰፈርና እንደ ደጃች ውቤ ሰፈር ባሉ የመኳንንት ስሞች ተጠሩ። በመስቀል አደባባይ አጠገብ የሚገኘው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ በኋላ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል። የባለቤቱ ስም ይታወቃል፤ ሊታወቅም ይገባል። ነገር ግን የእንደዚህ ያለውን ቤት ድንጋይ የጠረበው፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር ያቦካው፣ ምሰሶውን ያቆመው ማን ነበር? በጓዳው ጠጅ የጣለችው፣ እህል የፈጨችው፣ ከወንዝ ውኃ የቀዳችው ማን ነበረች?

ከእነዚህ ሰዎች መካከል በገንዘብ ተገዝተው የመጡ እንደ ነበሩ ታሪክ ይመሰክራል። ባርነትን ቀስ በቀስ ለማስቀረት በ1916 ዓ.ም. ሕግ ወጣ፤ ፈጽሞ የሚከለክለው ዐዋጅ የወጣው ግን በ1934 ዓ.ም. ነበር። እንግዲህ ከዚያ በፊት የተሠራ የአንድ ታላቅ ሰው ግቢ ታሪክ ስናጠና «እዚህ በባርነት የኖሩ ሰዎች ነበሩን? የት ያድሩ ነበር? የትስ ተቀበሩ?» ብለን ካልጠየቅን፣ ስለ በረንዳው ጣውላና ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ ብንጽፍ፣ የቤቱን ታሪክ ገና አልጀመርነውም።

የመንደር ስምም እንዲሁ የሚያስተምረን ነገር አለው። ሠራተኛ ሰፈር የሚለው መጠሪያ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በዚያ የኖሩትን የእጅ ሙያተኞች ያስታውሳል። ቤተ መንግሥቱ ያለ አንጥረኛና ያለ ብረት ቀጥቃጭ ሊቆም አይችልም ነበር። ሆኖም ሙያተኛው «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ይሰደብ ስለ ነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ስድብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ሰፈሩ ስሙን ከሠራተኞቹ ወሰደ፤ የሠራተኞቹን ስም ለይቶ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመንም የቤቱ ታሪክ ክፍል ነው። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት እንዲሆን ሲታወጅ፣ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ አስተዳደር ሥር ገቡ። አንድ ቤተ ሰብ ይኖርበት የነበረ ሰፊ ቤት በብዙ ቦታ ተከፋፍሎ የብዙዎች መጠለያ ሆነ። እንዲህ ያለው ቤት ለአንዱ የተወረሰበት የአባቱ ቤት ነው፤ ለሌላው ልጆቹን አሳድጎ የዳረበት፣ እናቱን የቀበረበት ጎጆው ነው። የፊተኛውን ሐዘን የሚተው ጸሐፊ ያዳላል። «ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ቤቱ ተጎሳቆለ» ብሎ የሌሎቹን ሕይወት በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልፈውም እንዲሁ ያዳላል።

ስለ መቃብር ስንመረምር ችግሩ ይብሳል። በገጠር አብዛኛው መቃብር ጽሑፍ የለበትም፤ ምልክቱ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለ የድንጋይ ክምር ወይም የጽድ ዛፍ ነው። የማን መቃብር እንደ ሆነ የሚያውቁት በቀብሩ ላይ የቆሙት ናቸው፤ እነርሱ ሲያልፉ ድንጋዩ ድንጋይ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በከተማም ቦታ ሲጠብ አጽም ይነሣል፤ የሚጠይቅ ዘመድ የሌለው መቃብር ይረሳል። አብርሃም በከነዓን ምድር በአራት መቶ ሰቅል ብር የገዛው ርስት የሚስቱ የሣራ መቃብር እንደ ነበረ እናስታውስ። የሚኖርበት ከተማ ሳይኖረው ለሟቿ የማይነቃነቅ ቦታ ፈለገላት።

ፍለጋችን ሁልጊዜ ይሳካል ማለት ግን አይደለም። በእኛው ቤተ ክርስቲያን አቡነ ያዕቆብ ተብለው የሚጠሩት የቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያኮቢስ መቃብር በኤርትራ በሄቦ ይገኛል፤ ምእመናንም ይሳለሙታል። በ1847 ዓ.ም. በእግር ብረት ታስረው በመንገድ ላይ ያረፉት ደቀ መዝሙራቸው የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል መቃብር ግን በውል አይታወቅም። መቃብሩ አለመገኘቱ ስማቸውን እንድንተው አላደረገንም። እንግዲህ መቃብሩን ያላገኘንለትንም ሰው ልናስታውሰው እንችላለን፤ ስሙን የጠየቀለት ሰው ካለ ነው።

የእኛን ሰማዕት ማስታወስ ቀላል ነው። ፈተናው የማያስከብረንን እውነት ስናገኝ ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር የደብረ ሊባኖስን ገዳም መነኮሳትና ምእመናን ላጋ ወልዴ በተባለ ስፍራ ፈጀ። ግራዚያኒ ለሮም ያስታወቀው ቁጥር 449 ነበር። በኋላ ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የአካባቢውን ሽማግሌዎች እየጠየቁ፣ ቦታውንም በእግር እየሄዱ ባደረጉት ጥናት የሟቾቹ ቁጥር ከዚያ እጅግ እንደሚበልጥ አሳዩ። ገበሬው በማኅደር የተደበቀውን ነገር በልቡ ይዞት ኖሯል። ለእኛ ለካቶሊካውያን ይህ መቃብር ከባድ ነው፤ በዚያ ጦርነት ወራሪውን በይፋ የደገፉና የባረኩ የኢጣልያ ካህናትና ጳጳሳት ነበሩና። የአባ ገብረ ሚካኤልን እስራት እየተረክን ይህን ብንዘል፣ የጻፍነው ታሪክ ሳይሆን የራሳችን ውዳሴ ይሆናል። ወንጌላዊው ማቴዎስ የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲዘረዝር ትዕማርን፣ ረዓብን፣ ሩትንና የኦርዮን ሚስት አላስቀረም። ሊያስቀራቸው ይችል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። እውነቱን ስንጽፍ በሕይወት ያሉትን ብንጎዳስ? አንዲት ሴት በአንድ ግቢ በባርነት እንደ ኖረች ብንረዳ፣ የልጅ ልጆቿ ዛሬ ጎረቤቶቻችን ሊሆኑ ይችላሉ። ያ ስድብ ዛሬም ከአንዳንድ ሰው አፍ አልጠፋም፤ ዘር ተቆጥሮ ጋብቻ የሚከለከልበትም ጊዜ አለ። በዚህ ምክንያት «ዝም ማለት ይሻላል» የሚሉ አሉ። አሳባቸው ከፍቅር የመነጨ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ዝምታው አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍነው የተበደለችውን ሳይሆን የበደለውን መሆኑን ልብ እንበል። የእርሷ ስም ሲጠፋ የእርሱ ስም በሰፈሩ መጠሪያ ላይ ይኖራል።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል ብለን እናምናለን። ድርጊቱ፣ ማለትም በዚያ ቤት ሰው ተገዝቶ ማገልገሉ፣ ሳይሸፋፈን ይጻፍ። የተበደሉት ሰዎች ማንነት ግን ከልጆቻቸው ጋር ሳንመካከር በአደባባይ አይነገር። ተጽፎ ይቀመጥ፤ መቼና ለማን እንደሚነገር የመወሰን መብት የእነርሱ ነው። ነውሩ የእነርሱ አይደለምና አንድ ቀን ራሳቸው አንገታቸውን ቀና አድርገው ሊናገሩት ይችላሉ። የባለቤቱም ልጆች በአያታቸው ሥራ አይከሰሱ፤ ከእነርሱ የሚፈለገው እንዲደብቁት አለመጣር ብቻ ነው።

ይህን ሥራ ለመጀመር ለምትፈልጉ ምእመናንና ካቴኪስቶች ጥቂት ምክር እንስጥ። በሀገራችን ልማድ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ስለሚጠራ፣ በሦስተኛው ትውልድ የቅድመ አያት ስም ይጠፋል፤ የእናት ስም ደግሞ ከመጀመሪያውም አይገባበትም። ስለዚህ «እናቱስ ማን ነበረች? የማን ልጅ ናት?» ብሎ መጠየቅ አይዘንጋ። በቁምስና መዝገብ የሚገኘው የክርስትና ስም ሲሆን ጎረቤት የሚያውቀው የዓለም ስም ነው፤ ሁለቱን አብሮ መጻፍ ይገባል። መኳንንት በፈረስ ስማቸውም ይጠሩ ነበር፤ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ እንደ ተባሉ ማለት ነው። ሚስዮናውያን የጻፉት ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ከሆነ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስሕተት እንዳያመጣ ጥንቃቄ ያሻል። ለአንድ የመንደር ስም ሁለት ሦስት ታሪክ ቢነገር፣ ደስ ያለንን መርጦ ሌላውን መጣል ሳይሆን ሁሉንም ከተናጋሪው ስም ጋር መጻፍ ይሻላል።

የቤተ ክርስቲያን ሕግ እያንዳንዱ ቁምስና የጥምቀት፣ የጋብቻና የሙታን መዝገብ እንዲኖረው፣ የቆዩትም መዛግብት እንዲጠበቁ ያዛል። እነዚህ መዛግብት የሰዎችን ምስጢር የያዙ ስለ ሆኑ ያለ ቆሞሱ ፈቃድ አይገለጡም። ሆኖም በእነርሱ ላይ አንድ ደግ ነገር እናያለን፤ እመቤቲቱና ገረዲቱ በአንድ ዐምድ፣ በአንድ ቀለም ተጽፈዋል። የሰፈራችንን ታሪክ ስንጽፍ አርአያችን ይህ ይሁን። የግቢው ጌታ የተጻፈበት ገጽ ውኃ ቀጂዋንም በስሟ ሲጠራት፣ ያን ጊዜ የቤቱ ታሪክ ተጻፈ ማለት እንችላለን።