የወጥመድ ሠሪ ዕዳ

አዳኝ ወጥመዱን ሲያጠምድ ለአውሬው የሚከፍለው ዕዳ የለበትም። ጉድጓዱን በቅጠል ይሸፍናል፣ የእጁን ጠረን ያጠፋል፣ የረገጠውን ሣር መልሶ ያቀናል። በእርሱ ሙያ ዘንድ ምልክት የሚታይበት ወጥመድ የሰነፍ ወጥመድ ነው። ሰው ለወዳጁ፣ ለጨዋታ ብሎ ወጥመድ ሲያዘጋጅስ? ተጠማጁም ወጥመድ እንዳለ እያወቀ፣ ወዶና ፈቅዶ ወደ ስፍራው ሲገባስ? እዚህ ላይ የአዳኙ ሕግ ይገለበጣል፤ አንዳችም ምልክት ያልተተወበት ወጥመድ የሰነፍ፣ አንዳንዴም የጨካኝ ሥራ ይሆናል። ሕጉ ለምን እንደሚገለበጥ መመርመር ደግሞ ከጨዋታ ያለፈ ጉዳይ ነው።

ጥያቄው ጎልቶ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ በአሜሪካ የተወለደ የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ጌሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርንሰን የደረሱትና እ.ኤ.አ. በ1974 ለኅትመት የበቃው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» እንደ ዳማ ወይም እንደ ቼዝ አንዱ አሸንፎ ሌላው ተሸንፎ የሚነሣበት አይደለም። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ይከባሉ፤ እያንዳንዱም ጦረኛ ወይም አስማተኛ ወይም ሌላ ገጸ ባሕርይ ይይዛል። አንዱ ብቻ የጨዋታው መሪ ነው። መሪው ከምድር በታች ያሉ አዳራሾችን፣ የተቆለፉ በሮችን፣ ጭራቆችንና ወጥመዶችን አስቀድሞ በወረቀት ነድፏል፤ ተጫዋቾቹ ግን ንድፉን አያዩም። እርሱ «ፊታችሁ ረጅም መተላለፊያ አለ፤ ወለሉ አቧራ ለብሷል» ይላል፤ እነርሱ የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ የሚያጠራጥረው ነገር ዳይስ በሚባለው የዕጣ ጠጠር ይወሰናል። የማታ ተረትና የዳኝነት ችሎት በአንድ ላይ ተቀምጠዋል ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ልብ ሊባል የሚገባው የዚህ መሪ ሥልጣን ነው። ዓለሙን የፈጠረው፣ ወጥመዱን ያጠመደው፣ ማን እንደወደቀና ማን እንዳመለጠ የሚፈርደው እርሱ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ተጫዋቹ ያንን ዓለም የሚያይበት ዓይን የመሪው አንደበት ብቻ ነው። አውሬ እንኳ የራሱ አፍንጫ አለው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ መሪው አቧራ ካላለ አቧራ የለም፤ የአቧራው ዱካ ከግድግዳው ሥር ድንገት እንደሚቋረጥ ካልተናገረ፣ የቱንም ያህል ንቁ የሆነ ሰው ሊያየው አይችልም። እንግዲህ እንዲህ ያለው መሪ ያለ አንዳች ፍንጭ ጉድጓድ ቆፍሮ ሰው ቢጥልበት ብልጠቱን አላሳየም፤ ያሳየው ዝም ማለት መቻሉን ብቻ ነው።

የጨዋታው የመጀመሪያ ሕግጋት በዚህ ነገር ብዙም የተጨነቁ አይመስሉም። በ1974ቱ ደንብ ወጥመድ ላይ የደረሰ ሰው ባለ ስድስት ገጽ ጠጠር ተጥሎ አንድ ወይም ሁለት ከወጣ ወጥመዱ ይሠራበታል፤ ካልሆነ ያልፋል። በዓመቱ የወጣው «ግሬይሃውክ» የተሰኘ ተጨማሪ መጽሐፍ የሌባን ገጸ ባሕርይ አስገባ፤ ለእርሱም ወጥመድ የማክሸፍ ዕድል በመቶኛ ተሰፈረለት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወገን ተፈጠረ። አንደኛው ወገን የሚፈተነው ገጸ ባሕርይው ነው፤ ጠጠሩ ይጣል ይላል። ሁለተኛው ደግሞ የሚፈተነው በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው፤ ይጠይቅ፣ ይዳስስ፣ ያስብ ይላል። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ጉልበተኛን ገጸ ባሕርይ የሚጫወት ሰው እውነተኛ ድንጋይ እንዲያነሣ ካልተጠየቀ፣ ሊቅን የሚጫወተው ስለምን እውነተኛ እንቆቅልሽ እንዲፈታ ይገደዳል? ይሁንና ጠጠር ብቻ የሚፈታው እንቆቅልሽ እንቆቅልሽነቱ ይቀራል። ዕጣ የወጣለት ሰው ዕድለኛ ይባላል እንጂ «ገባኝ» ብሎ ከወንበሩ አይነሣም።

በወጥመድ ብዛት ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሣው የጋይጋክስ ድርሰት «የሰቀቀን መቃብር» ነው። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1975 በባልቲሞር ከተማ በተደረገ የጨዋታ ጉባኤ ቀረበ፤ በ1978 ታተመ። መግቢያው ገና ከጅምሩ መሪውን ያስጠነቅቃል፦ ይህ ለሚያስቡ ሰዎች የተሰናዳ ነው፣ ሰይፍ መምዘዝ ብቻ የሚወዱት አይደሰቱበትም ይላል። ወደ መቃብሩ ከሚያስገቡት ሦስት መንገዶች ሁለቱ ሐሰተኛ ናቸው። በእውነተኛው መተላለፊያ መጨረሻ አፉን የከፈተ አረንጓዴ የጋኔን ፊት ይገኛል፤ አፉ ውስጥ የገባ ሁሉ፣ ሰውም ሆነ ዕቃ፣ ለዘላለም ይጠፋል። ስለዚህ ፊት የሚሰማው ወቀሳ ብዙ ነው። ዳሩ ግን በዚያው መተላለፊያ ወለል ላይ ለሚያነበው ሰው የተጻፈ መልእክት አለ፤ መልእክቱም ከአረንጓዴ መራቅን ይመክራል። ከመጽሐፉ ጋር ለተጫዋቾች የሚታዩ ሥዕሎች በጥራዝ ተያይዘው ቀርበዋል፤ መሪው በአንደበቱ የዘለለውን ዓይናቸው ያገኘው ዘንድ።

ስለዚህ መቃብሩ ያለ ምልክት ሰው ይገድላል ማለት ሐሰት ነው። ጥፋቱ ከሚዛኑ ላይ ነው። ምክሩ በስንኝ ተጠቅልሎ ቀርቧል፤ ቅጣቱ ግን መመለሻ የለውም። የአምስት ደቂቃ ሳቅ የሚያስከፍል ወጥመድ ምልክቱ ደብዘዝ ቢል ማንንም አይጎዳም፤ ተጫዋቹ ለወራት የደከመበትን ገጸ ባሕርይ የሚያጠፋ ወጥመድ ግን ምልክቱ የዚያኑ ያህል ጎልቶ መታየት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመው «የግሪምቱዝ ወጥመዶች» ደግሞ ሚዛኑን ጨርሶ ጥሎ በጭካኔ የሚቀልድ የወጥመድ ስብስብ ነው፤ ሰዎች እየሳቁ ያነቡታል፣ ያነበቡትን ግን ሁሉም ለወዳጁ አያጠምድም።

ፍንጭ አልባ ወጥመድ ተጫዋቹን ምን እንደሚያደርገው የሚያሳይ አንድ ዕቃ አለ፦ አሥር ጫማ ርዝመት ያለው እንጨት። በጨዋታው የዕቃ ዝርዝር ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ይገኛል። ደጋግሞ ያለ ምክንያት የወደቀ ሰው እያንዳንዱን ድንጋይ በዚህ እንጨት ሳይነካ አይራመድም፤ በር ሁሉ ይዳሰሳል፣ ጣሪያ ሁሉ ይመረመራል፣ ሌሊቱ በአንድ መተላለፊያ ላይ ያልቃል። ይህ ሰው ጥንቁቅ ሆነ እንጂ አስተዋይ አልሆነም። ከመሪው ቃል ውስጥ የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው መለየት ትቷል፤ የሚለይበት ነገር አልተሰጠውምና።

እንቆቅልሽና ወጥመድ አንድ ዘር መሆናቸውን ከሁሉ በተሻለ የሚናገረው ስዋሂሊ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ እንቆቅልሽ አቅራቢው «ኪቴንዳዊሊ» ሲል ተሰብሳቢው «ቴጋ» ብሎ ይመልሳል፤ የቃሉም ትርጉም «አጥምድ» ማለት ነው። ተጠማጁ ራሱ ወጥመዱን ይጠራል። መልሱ ሲጠፋ ጠያቂው «ኒፔ ምጂ»፣ ከተማ ስጠኝ፣ ይላል። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እያለ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ «አገር ስጠኝ» የሚለውን ያውቀዋል። በሁለቱም ዘንድ ያልፈታው አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም አገሩን ከወሰደ በኋላ መልሱን ይናገር ዘንድ ግድ ነው። አገር ተቀብሎ መልሱን የደበቀ ጠያቂ በሕፃናት ሸንጎ እንኳ ሌባ ይባላል።

መልሱ ሲነገር ደግሞ ሌላ ፍርድ ይሰጣል፤ ይኸኛው ፍርድ የተሸናፊው ነው። በር የሌለው ቤት ተብሎ እንቁላል ቢጠየቅ፣ ያልፈታው ሕፃን መልሱን ሲሰማ ግንባሩን ይመታል፤ እንቁላል ያውቃልና የሚወቅሰው ራሱን ነው። ቶልኪን ከሞሪያ ዋሻ በር ፊት ያቆመው ጠቢቡ ጋንዳልፍም እንዲሁ ነው፤ የምሥጢር ቃል ፍለጋ የሚያውቀውን ቋንቋ ሁሉ ካዳረሰ በኋላ፣ ቃሉ በሩ ላይ በግልጽ ተጽፎ እንደነበረ ሲገባው በራሱ ይስቃል። በዚያው ደራሲ «ዘ ሆቢት» ውስጥ ግን ቢልቦ በኪሱ ያለውን ነገር ምንነት ሲጠይቅ ጎለም ይቆጣል። ቁጣው እውነት አለው፤ የሌላ ሰው ኪስ ዓይን አይገባም።

በመጽሐፈ መሳፍንት የተጻፈው የሶምሶን እንቆቅልሽም የኪስ እንቆቅልሽ ነው። አንበሳውን የገደለው፣ ኋላም በበድኑ ውስጥ ማሩን ያገኘው ብቻውን ነበር፤ ለአባቱና ለእናቱ እንኳ አልነገረም። ይህንኑ ለሠላሳ ሰዎች አቀረበ፣ ሠላሳ የበፍታ ቀሚስና ሠላሳ ቅያሬ ልብስ አስያዘ፣ የሰባት ቀን ጊዜ ሰጠ። በማሰብ ሊደረስበት የማይቻል ነገር የቀረበላቸው ሰዎች ማሰባቸውን ተዉ፤ ሚስቱን በእሳት አስፈራርተው ምሥጢሩን አወጡ። እርሱም ዕዳውን ለመክፈል በአስቀሎና ሠላሳ ሰዎችን ገደለ። የሰዎቹ ክፋት የራሳቸው ነው። ሆኖም መውጫ የሌለው ጥያቄ የተጠየቀ ሰው ከጨዋታው ውጭ መውጫ ሲፈልግ መገኘቱ ሊያስገርም አይገባም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው የክብረ ነገሥት ወጥመድ ነው። ታሪኩ በአማኙ ዘንድ ያለው ክብር እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የወጥመዱ አሠራር ብቻ ቢመረመር እንዲህ ነው። ንግሥቲቱ የመጣችው ሰሎሞንን በእንቆቅልሽ ልትፈትን ነበር፤ በመጨረሻ የተፈተነችው እርሷ ሆነች። ንጉሡ ቅመም የበዛበትና የሚያስጠማ ማዕድ አቀረበላት፤ በግድ እንዳይነካት ስታስምለው፣ እርሷም በፈንታዋ ከቤቱ አንዳች ነገር እንዳትወስድ አስማላት። ሌሊት ውኃ ጠማት፤ ውኃው በዓይን በሚታይ ስፍራ ተቀምጧል። ልትጠጣ ስትል እጇን ያዘ። ውኃ መጠጣት መሐላ ማፍረስ ነውን ብትል፣ ከውኃ የሚበልጥ ሀብት ከሰማይ በታች አለን ብሎ መለሰላት።

ፍንጭ አልጎደለም፤ መሐላው በግልጽ ተነግሯል፣ ቅመሙ በምላሷ አልፏል፣ ውኃው ታይቷል። በዕንቁላሉ ሚዛን ከተመዘነ ይህ ፍጹም ወጥመድ ነው። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። «ቴጋ» ያለ ሰው አልነበረም፤ ንግሥቲቱ በጨዋታ ውስጥ መሆኗን አላወቀችም። «ውኃ ሀብት ነውን?» የሚለው ክርክር ሲነሣም ፈራጁ አጥማጁ ራሱ ነበር። ጥማት ደግሞ አገር ሰጥቶ የሚያመልጡት ጥያቄ አይደለም። ከዚህ አንጻር የጠረጴዛው መሪ በሰሎሞን ወንበር ላይ ተቀምጧል ማለት ይቻላል፤ የሚለየው ተጫዋቾቹ ጠርተውት መቀመጡ ነው። ጥሪው ሥልጣኑን አይቀንስም፣ ዕዳውን ይጨምራል እንጂ።

ዕዳው ግን በየዋህነት ብቻ አይከፈልም። መልሱን የሚያውቅ ሰው መልሱ ለሌላው ምን ያህል እንደተሰወረ አይታየውም፤ ግልጽ ነው ያለው ፍንጭ ሳይሰማ ያልፋል፣ እንደ ዋዛ የተናገረው የመቅረዝ ቅርጽ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲያከራክር ያድራል። ጀስቲን አሌክሳንደር የተባለ አሜሪካዊ የጨዋታ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2008 ተጫዋቾች እንዲደርሱበት ለሚፈለግ ለእያንዳንዱ ድምዳሜ ቢያንስ ሦስት ፍንጭ እንዲዘጋጅ መክሯል፤ አንዱን አያዩትም፣ ሁለተኛውን ችላ ይሉታል፣ ሦስተኛው ምናልባት ያደርሳቸዋል በሚል ስሌት። በተቃራኒው ወገን ያለው አደጋ ደግሞ ርኅራኄ ነው። ጠጠሩን በመጋረጃ ጀርባ ጥሎ፣ ሞት ሲወጣ «ዳንክ» የሚል መሪ ደግ ይመስላል። ይሁንና ተጫዋቹ ስለ ገዛ ውሳኔው ዋጋ ተዋሽቷል፤ በሚቀጥለው ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ሲቆም የሚሰማው ፍርሃትም ሆነ ድፍረት መሠረት የለውም።

በአጥማጅነቱና በፈራጅነቱ መካከል መሪው ከሁሉ ይልቅ የሚጨነቀው ግን ተጫዋቾቹ ባልታሰበ መንገድ ሲመጡበት ነው። ሦስት ምሽት የደከመበት በር አለ እንበል፤ ሦስት ሐውልቶች፣ አራት ቁልፎች፣ አንድ ትክክለኛ ቅደም ተከተል። ከተጫዋቾቹ አንዷ ሐውልቶቹን ትታ የበሩ ማጠፊያ በየትኛው በኩል እንደሆነ ትጠይቃለች። በእነርሱ በኩል ነው፤ መሪው ራሱ ቀደም ብሎ ሳያስበው ተናግሯል። እንግዲያው ማጠፊያውን ነቅለን በሩን እናንሣው ትላለች። ጠረጴዛው ዝም ይላል። ማጠፊያው ዛሬ በአስማት ተጣብቋል ማለት ይችላል፤ የሚከለክለው ማንም የለም፣ መዋሸቱንም ማንም አያውቅም። እርሱ ግን ወረቀቱን ተመልክቶ የሦስት ምሽት ሥራውን በአንድ መስመር ይሰርዝና ድንጋዩ ምን ያህል እንደሚከብድ መናገር ይጀምራል።