ዘመድ ቤት አልፎ ሪዞርት ማደር

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጃችን፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለአንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመቱ 16 የሥራ ቀን ዕረፍት ከነደመወዙ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። አዋጁ ሌላም ነገር አለው፤ ሠራተኛው ሥራው ላይ እያለ «ዕረፍቱ ይቅርብኝ፣ ገንዘቡን ስጡኝ» ብሎ መዋዋል አይችልም። ሕግ አውጪው ነገሩን አስቦበታል ማለት ነው። ያ በር ከተከፈተ የሚያርፍ ሰው እንደማይገኝ ገብቶታል።

እኛ ግን ሌላ በር አበጀንለት። እስኪ በመሥሪያ ቤታችሁ ዓመት ፈቃድ የሞላውን ሰው ሁሉ «ምን ልታደርግበት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ የእናቱን ተዝካር ሊያወጣ ነው። አንዷ ቤት ልታሳድስ ነው። ሌላው የፍርድ ቤት ቀጠሮ አለው፣ ሌላዋ ታማሚ ይዛ ጸበል ልትወርድ ነው። ከአሥር ሰው መሃል «ልተኛ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ከልጆቼ ጋር ውሃ ዳር ልቀመጥ ነው» የሚል አንድ ቢገኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። ያፍራል። ይህ ኀፍረት ከየት መጣ? ደግሞስ ተገቢ ነው ወይ?

ሥራ ከመውደድ የመጣ እንዳይመስላችሁ። እኔ የተወለድኩበት የደብረ ማርቆስ ዙሪያ ማረፍን ጠንቅቆ ያውቃል። ገበሬው በወር ውስጥ ሞፈር የማይነካባቸውን ቀኖች ብትቆጥሩ የከተማ ደመወዝተኛ ይቀናበታል። ሰንበቶቹ አሉ፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ እግዚአብሔር እያለ ይቀጥላል። በዚያ ላይ የየደብሩ ታቦት ይጨመራል። ይህ ዕረፍት ግን የጋራ ነው፤ ብቻውን ወይም ሚስቱንና ልጆቹን ብቻ ይዞ የሚያርፍ ሰው የለም። ማኅበር አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ ጠላ አለ። ደግሞም አይገዛም። ገንዘብ ከፍሎ፣ ከማያውቁት ሰው እጅ ቡና እየተቀበሉ ማረፍ የሚባል ነገር አያቶቻችን አልሰሙም።

መንገድ መሄድማ ነበረ፤ ያለ ምክንያት ግን አይኬድም። ለንግሥ፣ ለልቅሶ፣ ለሰርግ፣ ለገበያ፣ ለሙግት ይኬዳል። ጎጃምን በእግሩ አዳርሶ ያየው የቆሎ ተማሪ ነው፤ ዋሸራን፣ ዲማን፣ የቅኔውንና የመጻሕፍቱን ደጆች እያሳደደ። እሱም ቢሆን አገር ሊያይ ብሎ አልወጣም። ሲመሽበት ካገኘው ደጃፍ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ» ይላል፣ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ይሉታል፣ ይገባል። የማን ቤት እንደሆነ አይጠይቅም፣ የማን ልጅ እንደሆነ ግን በእርግጥ ይጠየቃል።

አንድ የልጅነት ወዳጄ በ2010 ዓ.ም. ኀፍረቱን ዋጥ አድርጎ ቆረጠ። እሱ፣ ባለቤቱና ሦስት ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ሊሄዱ፣ ጣና ዳር ካሉት ሪዞርቶች በአንዱ ሁለት ሌሊት ሊያድሩ። ሰውዬው ሒሳብ የሚወድ ስለሆነ ሁሉን በወረቀት አሰፈረው፤ ነዳጁን፣ የጀልባውን ኪራይ፣ የልጆቹን የዋና ልብስ ሳይቀር። ወሩን ለመምረጥ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ትምህርት የሚዘጋው ክረምት ነው፤ በሐምሌ ደግሞ ጎጃም ጭቃና ጉም ነው። ጢስ ዓባይ ደህና ሞልቶ የሚታየው ከነሐሴ በኋላ፣ አደይ አበባ የሚፈነዳው በመስከረም፣ ትምህርት ቤት የሚከፈተውም በዚያው በመስከረም! በመጨረሻ ነገሩ ጳጉሜ ላይ ረጋ።

ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ አንድ ነገር ነበረ። መንገዱ በደብረ ማርቆስ ያልፋል፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ አክስቱ አሉ።

እኚህ አክስት እንዲሁ አክስት አይደሉም። ወዳጄ ከገጠር መጥቶ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ትምህርት ቤት ሲማር አራት ዓመት ያስጠጉት እሳቸው ናቸው። ከቤት ይዞት የሚመጣው ስንቅ ዓርብ ሳይደርስ ሲያልቅ ከራሳቸው ሞሰብ የሞሉለት እሳቸው ናቸው። «እቴቴ» ነው የሚላቸው። እንግዲህ በእኚህ ሴት ደጅ አልፎ፣ ከዚያ ወዲያ ግማሽ ቀን ነድቶ፣ ለአልጋ ገንዘብ መክፈል ምን ይባላል?

መፍትሔ አላጣም። ደጀን ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ግራው በደብረ ማርቆስና በቡሬ፣ ቀኙ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ሁለቱም ባሕር ዳር ይገባሉ። «በሞጣ ብሄድስ?» አለኝ። «ለልጆቹም ደብረ ወርቅ ማርያምን አሳያቸዋለሁ።» ሰው ከአክስቱ ለመሸሽ ጥንታዊ ገዳም ሰበብ ሲያደርግ ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

እስከዚህ ድረስ ፍርዱ ቀላል ይመስላል፤ እኔም በልቤ ፈርጄበት ነበር። ባለቤቱን ሳነጋግር ነው ነገሩ የተወሳሰበብኝ።

«ደብረ ማርቆስ ስንሄድ እሱ ነው የሚያርፈው» አለችኝ። «እንደ ደረሰ ጫማውን አውልቆ ጠላ ይቀዳለታል። እኔ ነጠላዬን አሸርጬ ማድ ቤት እገባለሁ። አትግቢ ይሉኛል፤ ካልገባሁ ደግሞ ‹የከተማ ሴት አገባ› ይባላል። ሌሊት ከልጆቹ ጋር ተደራርቤ እተኛና ጎህ ሲቀድ ቡና አፈላለሁ። ዓመቱን ሙሉ ሠርቼ ሁለት ሌሊት ሰው የሠራውን ብበላ ኃጢአቱ ምንድን ነው?»

መልስ ፈለግሁ፣ አጣሁ። የዘመድ ቤት በነፃ ነው የምንለው የሚከፍለውን ሰው ስለማናይ ነው። ምራቲቱ ትከፍላለች። የቤቱ ሴት ልጅ ትከፍላለች፤ ትምህርቷን ትታ ውሃ ስትቀዳ ትውላለች። አክስትየዋ ራሳቸው ይከፍላሉ። አምስት እንግዳ ሲመጣ ፍራሽ ከጎረቤት፣ ብርድ ልብስ ከሌላ ጎረቤት ይዋሳሉ፤ በግ ይገዛሉ፣ ምናልባትም በዱቤ። በጡረታ የሚኖር ሰው ላይ አምስት አፍ ይዞ ሁለት ቀን መውረድ ፍቅር ነው ወይስ ዝርፊያ? በዚህ ዓይን ካየነው ሌላ ቦታ ከፍሎ ማደር ለአክስትም ማዘን ሊሆን ይችላል።

ሊሆን ይችላል… ግን እስኪ እሳቸውን ጠይቋቸው! ያች በግ የምትታረደው ሰው እንዳላቸው፣ ያሳደጉት ልጅ እንዳልረሳቸው ሰፈሩ እንዲያይላቸው ጭምር ነው። ከወጪው አዳንኳቸው ስትል ከሰፈሩ ፊት ብቻቸውን አቆምካቸው። ስለዚህ የሰውን ሸክም ላቅልል ብሎ ሰውየውን ሳይጠይቁ መወሰን፣ ቸርነት ቢመስልም፣ ውስጡ ንቀት አለበት እላለሁ።

አንዳንዱ ደግሞ ነገሩን በአቋራጭ ይቆርጠዋል፤ «ያን ሁሉ ገንዘብ ለአልጋ ከምታወጣ ለድሃ ዘመድህ ብትሰጥ አይሻልም?» ይላል። ይህን ክርክር ብዙም አልወደውም። የቀረ ሽርሽር ድሃ ዘንድ ሲደርስ አይቼ አላውቅም። የሚደርሰው ሲሚንቶ መሸጫ ነው፣ ወይም ዕቁብ ነው፣ ወይም አዲስ ስልክ ነው። ለመኪናና ለሰርግ ሲወጣ ማንም የማይጠይቀው ገንዘብ ለዕረፍት ሲወጣ ብቻ ድሃ ትዝ የሚለን ለምንድን ነው?

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሪዞርት የሚሸጠው አልጋና ቁርስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዋጋው ያን ያህል ባልሆነ። የሚሸጠው ዕዳ የሌለበት ቀን ነው። አስተናጋጁ ጭማቂ ሲያመጣ ሒሳቡን ከፍለህበታል፤ የእናቱን ጤና መጠየቅ የለብህም፤ ሲሞትበት ልቅሶ አትደርስም። ዘመድ ቤት ግን የበላህበት ሁሉ ይመዘገባል፤ መዝገቡም አይዘጋም። ድካማችን አብዛኛው ከሥራ የሚመጣ ይመስለናል እንጂ ከዚህ መዝገብ የሚመጣው ቀላል አይደለም። አንድ ሰው በዓመት ለሁለት ሌሊት መዝገቡን አጥፎ ልተንፍስ ቢል አልፈርድበትም። መዝገቡ ለዘለዓለም የታጠፈ ዕለት ግን፣ በየሄደበት ደንበኛ ሆኖ በየትም እንግዳ ሳይሆን ይቀራል።

ወዳጄ በመጨረሻ በሞጣ አልሄደም። በደብረ ማርቆስ አልፎ ለምሳ ቆመ፤ ሰዓቱን እያየ። አክስቱ ሦስት ቀን ሲዘጋጁ ከርመው ነበር። ሲነሳ አላለቀሱም፣ አልተቆጡም። «ቤቱ ጠበባችሁ?» ብቻ አሉ። ጣና ዳር ሁለቱን ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰደው ነግሮኛል። ባለቤቱ ግን ለጥ ብላ ተኝታለች፤ እኔም ደስ ብሎኛል።

የማየቱ ነገርስ? አገር ማየት በራሱ ትንሽ ዕብሪት አለው። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ ከምንጩ ቀድቶ ለንጉሡ ለጊዮርጊስ ሣልሳዊ ጤንነት ጠጣ። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ቀድሞት ነበር፤ ብሩስ ግን ይህን መቀበል አልፈለገም። የሰከላ ሰው ደግሞ ሁለቱም ሳይመጡ በዚያው ውሃ ይጠመቅ ነበር። ለአንዱ ግኝት የሆነው ለሌላው ጸበሉ ነው።

እኛም ከብሩስ አንሻልም። በድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ የምናውቀውን ጢስ ዓባይ ልናይ ሄደን ውሃው ቀጥኖ ስናገኘው «ተበላን!» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሲከፈት ከውሃው አብዛኛው ወደ ተርባይን ዞረ፤ በ2010 ደግሞ የጣና በለስ ፕሮጀክት የሐይቁን ውሃ ወደ ምዕራብ ወሰደ። የሚያብረቀርቅ ፏፏቴ ያጣው ጎብኚ አመሻሹ ላይ ክፍሉ ገብቶ መብራት ያበራል፤ ሁለቱን ግን አያገናኛቸውም። የወዳጄ ትልቁ ልጅ ጀሪካን ያዘለች ልጅ በመኪና መስኮት ፎቶ ሲያነሳ አባቱ «ያቺ እኮ የአጎትህ የልጅ ልጅ ልትሆን ትችላለች» አለው። ልጁ ስልኩን አስቀመጠ። ከዚያም ክብራን ገብርኤል ሲደርሱ፣ ሴት ስለማይገባበት፣ እናትና ሁለቱ ሴቶች ልጆች ጀልባ ላይ ቀርተው ወንዶቹ ወርደዋል። ትንሿ «እኛም ከፍለናል እኮ!» ብላ ስትናደድ እናትዋ ሳቅ አፈናት። ለልጅቱ ከጉዞው ሁሉ የቀረላት ይህ ነው፤ የማይገዛ ነገር እንዳለ የገባት ያኔ ሳይሆን አይቀርም፣ ትክክል ነው ባትልም።

የመዝናኛ አገር ሲባል የዓለም ሰው ቶሎ የሚጠራው ሃዋይን ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ማዊ በምትባለው ደሴት ላሃይና የተባለችው ከተማ በእሳት ስትነድ አንድ መቶ ያህል ሰው አለቀ። ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች በሆቴሎች ውስጥ ተጠለሉ። ሁለት ወር ሳይሞላ መንግሥት አካባቢውን ለጎብኚ ልከፍት ነው አለ። ከነዋሪው ግማሹ «ገና አልቀበርንም፣ ቆዩልን» ሲል፣ ግማሹ «ቱሪስት ካልመጣ ምን እንበላለን?» አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሐዘንተኛና ዋናተኛ በአንድ ኮሪደር መተላለፍ ግን ምን ያህል እንደሚከብድ ማሰብ አያቅትም።

ለእኛ ይህ ሩቅ ወሬ አልሆነም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ጎጃምም የጦርነት አገር ሆነ። ከዚያ ወዲህ የመንገድ ጥያቄ «በሞጣ ነው በቡሬ?» መሆኑ ቀርቶ «ይታለፋል ወይ?» ሆነ። የጃፓን መንግሥት በሰጠው ርዳታ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀውን የዓባይ በረሃ ድልድይ ለልጆቹ ሊያሳይ የሚነሳ አባት ቢኖር ዘመድ ጠርቶ ያስመክረዋል። ባሕር ዳር በአውሮፕላን የሚሄድ አለ፤ ከላይ ሆኖ ደብረ ማርቆስን ያልፋል፣ በዚህም ማንም አይቀየመውም። የጀልባ ነጂውና የሪዞርቱ አስተናጋጅ ያጡት እንጀራ ነው። ስለዚህ «ሐዘን ላይ ያለ አገር ሄዶ መዝናናት ነውር ነው» የሚለውን ፍርድ ሙሉ በሙሉ አልወስደውም። የሚሄድ ሰው እንጀራ ይዞ ይሄዳል። አንገቱን ደፋ አድርጎ ይሂድ እንጂ፣ ሂድ።

የወዳጄ አክስት ዛሬም አሉ። ኔትወርክ በተገኘ ቀን ይደውልላቸዋል። ድሮ «መቼ ትመጣለህ?» ይሉት የነበሩት ሴት ባለፉት ዓመታት «እንዳትመጣ፣ ልጆቹን ይዘህ እንዳትመጣ» ነው የሚሉት። ይህን ሲነግረኝ «በሞጣ ልሂድ» ያለው ሰው መሆኑን ረስቶታል።

በቀደም ደግሞ ያቺን ወረቀቱን አውጥቶ ዋጋዎቹን እየሰረዘ በአዲስ ሲተካ አገኘሁት። «ሰላም ሲሆን» አለኝ። እንዴት እናድርገው ብሎ ሲጠይቀኝ የመሰለኝን ነገርኩት፤ አንድ ሌሊት ደብረ ማርቆስ፣ ሁለት ሌሊት ጣና ዳር። በጉን እሱ ይግዛ፣ ፍራሹንም ከአዲስ አበባ ጭኖ ይሂድ። ባለቤቱ ማድ ቤት አትግባ፤ እሱ ይግባ።

እስከ ፍራሹ ድረስ እየጻፈ ሲከተለኝ ቆይቶ ብዕሩን አቆመ።

«የመጨረሻዋን» አለኝ፣ «ለእቴቴ አንተ ንገርልኝ።»