አብሮ አለማወቅ

ኳስና ሩጫ አብሮ ማየት ሰውን ለምን ያቀራርባል? «አንድ ነገር ስለሚወዱ» የሚለው መልስ አያጠግበኝም። ዲኤስቲቪ ቤት የአርሰናልና የማንቸስተር ደጋፊዎች አንድ አግዳሚ ላይ ተጣበው ይቀመጣሉ። የአንዱ ምኞት ለሌላው መርዶ ነው። ሆኖም ዘጠና ደቂቃው ሲያልቅ፣ ሲገቡ የማይተዋወቁ የነበሩ ሰዎች ስለተሻረው ጎል እየተከራከሩ አብረው ይወጣሉ።

እኔ ምክንያቱን የማየው ሌላ ቦታ ነው፤ ቀጥሎ የሚሆነውን ሁሉም እኩል አያውቁትም። በሌላው የኑሯችን ጉዳይ ምንጊዜም ከእኛ ቀድሞ የሚያውቅ አለ። ሹሙ ውሳኔውን፣ ነጋዴው የነገውን ዋጋ፣ ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት ቀድሞ ያውቃል፤ እኛ ደጅ ቆመን እንጠብቃለን። ጨዋታ ፊት ግን ባለሀብቱም ሊስትሮውም ስለሚመጣው ሰከንድ አንዳች ብልጫ የላቸውም። እንዲህ ያለ እኩልነት ሌላ የት እንደሚገኝ እንጃ።

መስከረም 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ የተሮጠውን የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ አስቡት። በመጨረሻው ዙር ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ድንገት ተፈትልኮ ወጣ። ኃይሌ ገብረሥላሴ ተከተለው፤ መጨረሻው ላይ ደረት ለደረት ተናነቁ፤ ኃይሌ የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። 27 ደቂቃ ከፈጀ ሩጫ በኋላ፣ ዐይን ለማርገብገብ እንኳ የማይበቃ ጊዜ! በዚያች ቅጽበት ቴሌቪዥን ፊት ያለ ሰው አጠገቡ ያገኘውን ክንድ ጨምድዶ ይይዛል፤ የማን እንደሆነ አይጠይቅም። ዛሬ ያንኑ ሩጫ በስልኬ ከፍቼ ሳየው ውበቱ አልቀነሰም። ኑና አብረን እንይ ብዬ ግን ማንንም አልጠራም፤ መጨረሻውን አውቀዋለሁ።

በኢንተርኔት ጨዋታ የሚከታተሉ ይህን በደንብ ያውቁታል። የእነሱ ስርጭት ከሳተላይቱ ይዘገያል። ኳሷ በእነሱ ስክሪን ገና መሀል ሜዳ ሳለች ከጎረቤት «ጎል!» የሚል ጩኸት ይሰማል። ጎሉ ያው ነው፣ ቡድኑም ያው፤ ደስታው ግን ተሰርቋል።

«ኳስ መች ያስማማል? ያጣላል እንጂ» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ስታዲየም ውስጥ ድንጋይ ሲወረወር አይተናል። ነገር ግን ሰው በሽንፈት ብቻ እንዲያ አይቆጣም። ይበልጥ የሚያንገበግበው «ዳኛው ተገዝቷል» ብሎ ሲያምን ነው፤ አንድ ሰው ውጤቱን ቀድሞ ያውቅ ነበር ብሎ ሲጠረጥር።

ከጠቡ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ የውርርድ ትኬቱ ነው። ድሮ ቤቱ ሙሉ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነበር። አሁን አንዱ ሦስት ጎል እንዲቆጠር፣ ሌላው ማንም እንዳያገባ፣ ሌላው ደግሞ የማእዘን ምት እንዲበዛ ተወራርዶ ይቀመጣል። ጎል ሲገባ አንዱ ዘሎ ይነሳል፤ አጠገቡ ያለው የዚያው ቡድን ደጋፊ ትኬቱን ቀዶ ይጥላል፣ ሂሳቡን ከፍሎም ጨዋታው ሳያልቅ ይሄዳል።