ስለ ጓሳ ስም

ብዙ አገር ስሙን የሚያገኘው ከሰው ወይም ከተአምር ነው። ደብረ ብርሃንን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንዲህ ብለው የሰየሙት በዘመናቸው በሰማይ ስለ ታየው ብርሃን ነው፤ በመንዝም ማማ ምድር፥ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር፥ አባቶች እንደሚተርኩት፥ በቀደሙት ባለ ርስቶች ስም ተጠርተው ቀርተዋል። ከመሐል ሜዳ ከተማ በስተ ምሥራቅ ያለው ውርጫም ደጋ ግን ጓሳ የተባለው በሣር ነው። በዚህ ሣር ቤት ይከደናል፥ ገመድ ይገመዳል፥ ለእረኛም ከዝናብ የሚጠለልበት ገሳ ይሠራል።

ነገሩ የቅኔን ሰው ያሳስባል። ስምና ሰም በድምፅ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ጓሳ የሚለው ቃል ሰሙ ቢሆን ወርቁ ሣሩ ነው። ጌራ ከሞተ ብዙ ዘመን ቢሆነውም የጌራ ምድር ስም አይዋሽም፤ ሰውዬው አንድ ጊዜ ኖሯልና ይበቃዋል። ሣሩ ተግጦ ያለቀ እንደ ሆነ ግን አገሩን ጓሳ ብሎ መጥራት ሐሰት ይሆናል። መጽሐፍ የኃላፊ ነገር ምሳሌ ባደረገው በሣር ስም መጠራት ለነዋሪዎቹ ከባድ ዕዳ ነው።

የመንዝ ሰዎች ይህን ዕዳ ሲከፍሉ ኖረዋል። በ17ኛው መቶ ዓመት እንደ ተጀመረ በሚነገረው በቄሮ ሥርዓት ጓሳው ሦስት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋ ነበር። የሚከፈትበት ቀን በገበያ፥ በቀብርና በቤተ ክርስቲያን ይነገራል፤ አስቀድሞ ሣሩ ይታጨዳል፥ ከብት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ሥርዓቱ ግን ነውር ነበረበት። በጓሳው የመጠቀም መብት የአስቦና የጌራ ዘር ለሆነ ብቻ ነበርና፥ ሌላው ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ደብር ቢቆርብም ማጭዱን ይዞ አብሮት ሊወጣ አይችልም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት ዐዋጅ ርስትን ሲሽር ይህንንም አድልዎ ሻረ፤ ከአድልዎው ጋር ጥበቃውም ፈረሰና የሁሉ የሆነው ሣር ጠባቂ አጥቶ ተመናመነ። ታዲያ ሣሩን የጎዳው ፍትሕ ነው ይባላልን? አይባልም። ዐዋጁ በሩን ለሁሉ ከፈተ፥ የመዝጊያውን ቀን የሚቈጥር አለቃ ግን በስፍራው አልተተካም። የቀድሞዎቹ ዘበኝነቱን ያውቁ ነበር፥ እንግዳ መቀበሉን አላወቁም እንጂ።

ኋላ የአገሩ ሰዎች ኮሚቴ መርጠው፥ ነገሩን በዘር መሆኑ ቀርቶ በቀበሌ አድርገው፥ መዝጋቱንና መክፈቱን መልሰዋል። ዛሬ በዚያ ሣር ውስጥ ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን፥ ጭላዳም ሲግጥ ይታያል። ብዙው ቤት ግን ቆርቆሮ ለብሷል፤ ከቆርቆሮ በታች ያደገው ልጅ ጣራው ስለማያስገድደው፥ ሣሩን የሚጠብቅበትን ምክንያት ከአያቶቹ ሌላ አድርጎ መፈለግ ይኖርበታል።